ወንበር ላይ መቀመጥ ያቃተኝ ሳምንት

አንድ ለእናቱ ነኝ። እናቴ ይህን ለሰው ስትናገር ማዕረግ የምትጠራ ይመስል ደረቷን ነፋ አድርጋ ነው፤ እኔ ግን እህት ውለጂልኝ እያልኩ ስጨቀጭቃት ያደግኩ ልጅ ነኝ። በስድስት ዓመቴ ከአዲስ አበባ ሎስ አንጀለስ ስንገባ፣ ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ከሚዞርበት ቦታ አልነሳም ብዬ አስቸግሬ ነበር ይላሉ፤ ከሻንጣዎቹ ኋላ እህቴ ትመጣለች ብዬ። እኔ አላስታውሰውም። አላደረግኩትም ግን አልልም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ እህት ባይሆን እንኳ ጓደኛ መቼም አላጣም ብዬ ነበር። ግቢው ግን ግቢ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ከተማ ነው። እኔ ማደሪያ ውስጥ ስላልኖርኩ ቤታችን ካለበት ሰፈር ከፌርፋክስ በአውቶቡስ እመላለሳለሁ፤ ክፍል ውስጥ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይቀመጣል፣ ሁሉም ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቷል፣ መምህሩ ሲጨርስ ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋል። ምሳዬን የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ብቻዬን ስበላ ከረምኩ። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ "ዛሬ ደግሞ ምነው ዘገየሽ?" ብሎ የሚጠይቀኝ የአውቶቡሱ ሹፌር ብቻ ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ግን እህት አይሆነኝም።

በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ነው እንግዲህ ሶሮሪቲ ልግባ ብዬ የተነሳሁት። ሶሮሪቲ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ነው፤ እያንዳንዱ በግሪክ ፊደላት ይጠራል፣ የራሱ ትልቅ ቤት አለው፣ አባላቱም እህት ነው የሚባባሉት። ለመግባት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ማየትና መታየት አለ፤ ይህ ራሽ ይባላል። በየቀኑ ቤቶቹ የወደዷቸውን ያስቀራሉ፣ እኛም የወደድናቸውን እንመርጣለን፣ በመጨረሻው ቀን ልብ ለልብ የተገናኙት ይገናኛሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ውስጥ የሰማሁት እህት የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር የሰማ ጆሮ አልነበረኝም።

ለእናቴ የነገርኳት ሱቋ ውስጥ ነው፤ ሆን ብዬ እትዬ ባሉበት። እናቴ ፌርፋክስ ላይ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላና የመሳሰለውን የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። እትዬ የምላቸው ደግሞ ታላቅ ጓደኛዋ ናቸው፤ የማርያም ማኅበራቸው ሙሴም እሳቸው ስለሆኑ፣ ተራው የማን እንደሆነ የሚያስታውሱትም፣ የቀረውን የሚወቅሱትም እሳቸው ናቸው። እናቴ ነገሩን እንደሰማች ፊቷ ተለወጠ። የሴት ልጆች ቤት ማለት ምን ማለት ነው? መጠጥስ? ማታስ? እህት ካማረሽ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶልሽ የለም ወይ?

እትዬ ግን ነገሩ ገባቸው። "ማኅበር ነው በያት እንጂ" አሉኝ። "ለመሆኑ ሙሴያቸው ማነው?"

ፕሬዚዳንት እንዳላቸው፣ ዕድሜዋም ሃያ አንድ እንደሆነ ነገርኳቸው። እትዬ በኀዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዚያ ዕድሜ ማኅበር መምራት ስንት ጣጣ እንዳለው ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል። እናቴ ግን በቀላሉ የምትሸነፍ ሰው አይደለችም። መሄዱን ሂጂ፣ እያቸው አለች፤ እሷ ራሷ ቤቱንና ልጆቹን በዓይኗ ሳታይ ግን እሺ የሚባል ነገር የለም። ወላጅ የሚፈቀደው በመጨረሻው ቀን ብቻ ነው አልኳት። "እንግዲያው በመጨረሻው ቀን እመጣለሁ። እስከዚያ እሺ የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ" አለችኝ። ማልኩላት። ደስታዬ የቱን ያህል እንደነበር የሚታወቀው፣ ምን ላይ እንደማልኩ እንኳ በደንብ ሳላስብ መማሌ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከቤት ልወጣ ስል እናቴ በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ አምራለሁ ብዬ ጸጉሬን ለማስተካከል ግማሽ ሌሊት የፈጀሁ ሰው፣ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ ድፎ ዳቦ ታቅፌ አውቶቡስ ልሳፈር ነው። ባዶ እጅሽን ሰው ቤት ልትገቢ ነው ወይ አለች። እማዬ፣ አንድ ቤት እኮ አይደለም፣ ዛሬ አስራ አንዱንም ነው የምናየው አልኳት። ዳቦውን ትክ ብላ አየችው። "ይዳረሳል" አለች።

አልተዳረሰም፤ ምክንያቱም አስጎብኚያችን የሆነችው ተማሪ ገና ሰልፉ ላይ አየችው። ወደ ቤቶቹ ምንም ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ እንደ ጉቦ ይቆጠራል አለችኝ። ጸሐይዋ ታቃጥላለች፣ ሰልፉ አይንቀሳቀስም፣ ከኋላዬም ከፊቴም ያሉት ልጆች ከውጥረት የተነሳ ቁርስ አልበሉም። ቆረስኩላቸው። ማኅበሮቹ በራቸውን ሳይከፍቱልኝ ሰልፉ በሙሉ ወዳጄ ሆነ። አስጎብኚያችንም ስትደግም አይቻታለሁ።

ከዚያ የመጀመሪያው በር ብርግድ አለ። ውስጡ ከወለል እስከ መቃን በሴት ልጆች ፊት ተሞልቷል፤ ያጨበጭባሉ፣ ወለሉን በእግራቸው ይደልቃሉ፣ ቤታቸውን እያወደሱ ይዘፍናሉ። ነገሩ በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ቤት ለቤት እየዞሩ እንደሚዘፍኑት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የምትዘፍነው እንግዳዋ ሳትሆን የቤቱ ልጅ መሆኗ ነው። ከሰልፉ ውስጥ ግማሾቹ ደነገጡ። እኔ ግን ልቤ ዘለለ። በሕይወቴ በር ተከፍቶልኝ ያን ያህል ሰው እልል ብሎልኝ አያውቅም። ቤቱን ሁሉ ወደድኩት፣ ልጆቹን ሁሉ ወደድኳቸው፣ በላስቲክ ኩባያ የሰጡኝን ውሃ እንኳ ወደድኩት። ከሁሉም በላይ ግን በመካከሏ ነጭ ጠመዝማዛ ደረጃ ያለባት አንዲት ቤት አሳበደችኝ። ማታ በአውቶቡስ ስመለስ፣ በዚያ ደረጃ ላይ ስወርድ ራሴን በሐሳቤ እያየሁ ፌርፋክስ መውረዱን ረስቼ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

በማግስቱ ባለ ደረጃዋ ቤት መልሳ ጠራችኝ። ጸጉሯ ከሐር የሚለሰልስ አንዲት አራተኛ ዓመት ተማሪ እጄን ይዛ ሳሎን አስገባችኝና ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ለራሷም ወንበር ትስባለች ብዬ ስጠብቅ፣ እግሬ ሥር ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ዙሪያዬን አየሁ። በየወንበሩ እንደ እኔ ያለች እንግዳ ተቀምጣለች፣ በየእንግዳዋ እግር ሥር አንዲት የቤቱ ልጅ ተንበርክካለች። ለካ ደንባቸው ነው፤ እንግዳ ከፍ ይላል፣ ባለቤት ዝቅ ብሎ ያስተናግዳል።

ይህን ጭንቅላቴ ተረዳ፤ ሰውነቴ ግን እምቢ አለ። እኔ ያደግኩት ታላቅ ሲገባ ኖር ብለሽ ተነሺ እየተባልኩ ነው። ሱቃችን ውስጥ አንዲት ወንበር ብቻ ነበረች፤ እኔ ተቀምጬባት ትልቅ ሰው ከገባ እናቴ በዓይኗ ብቻ ታነሳኛለች፣ አንዳንዴ ሰውየው ሳይገባ በመስታወቱ ሲያልፍም ተነስቻለሁ። አሁን ታላቄ የሆነች ሴት እግሬ ሥር ተንበርክካ ክረምቱን የት እንዳሳለፍኩ ትጠይቀኛለች። ሳላስበው ብድግ አልኩና ተቀመጪ አልኳት። የለም፣ አንቺ ተቀመጪ አለችኝ። ኧረ በፍጹም አልኩ። እውነት ችግር የለውም አለች። እኛ ቤት ደግሞ "ችግር የለውም" ማለት "እስቲ ደግመሽ ለምኚኝ" ማለት ነው፤ ስለዚህ ክንዷን ይዤ ላነሳት ታገልኩ። አልነሳም ስትለኝ እኔ ወረድኩ። እሷ ደንግጣ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። ተንበረከከች፤ ተንበረከክኩ። ከሩቅ ላየን ስግደት ላይ ያለን ነው የምንመስለው። በመጨረሻ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደ ደረቀ ደኅና ሁኚ ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ ባለ ደረጃዋ ቤት አልጠራችኝም።

ያን ቀን ቤት ስገባ አባቴ ከሥራ ተመልሶ ወጥ እያሞቀ ነበር፤ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ፓርክ የሚያደርግ ነው፣ የሥራ ሰደርያውንም አላወለቀም። እያለቀስኩ ጀምሬ ስነግረው፣ ተነስታ ተንበረከከች የሚለው ላይ ስደርስ ማንኪያውን ጥሎ ሳቀ። በኋላ እኔንም ያዘኝ። የወጡን ድስት መሀል አድርገን ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ስንንፈራፈር እናቴ ገባች። እሷ አልሳቀችም። ልጅቷ ታላቅሽ ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። "ታዲያ ታላቅሽ መሬት ላይ ሆና አንቺ ወንበር ላይ ልትጎለቺ ነበር? ደግ አደረግሽ" አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች። አባቴ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገ ጥርስሽን ነክሰሽም ቢሆን ተቀመጪ አለኝ።

ልቀመጥ ወስኜ ሄድኩ። የቀሩልኝ ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ አንዷ በግቢዋ የሎሚ ዛፍ ያላት፣ ቀለሟ ላጥ ላጥ ያለ፣ ደረጃዋም ከኛ አፓርታማ ደረጃ የማይሻል ነበረች። እዚያ የተቀበለችኝ አራተኛ ዓመት ተማሪ ፊቷ በጠቃጠቆ የተሞላ ነው፤ የቀኝ ጉልበቷ ላይ ደግሞ ጥቁር ማሰሪያ አድርጋለች። እንዳስቀመጠችኝ በዚያ ጉልበቷ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፤ ሲያማት ከንፈሯን ነከስ ስታደርግ አየሁ። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨመደድኩ። አባቴን አሰብኩ። ጥርሴን ነከስኩ። ክረምት እንዴት ነበር አለችኝ። ጥሩ ነበር አልኩ። ዋና ትምህርትሽ ምንድን ነው አለችኝ። እሱን ልመልስ አፌን ስከፍት ከወንበሩ ተንሸራትቼ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

አለቀልኝ ብዬ ጠበቅኳት። እሷ ግን አየችኝ፣ የታመመ እግሯን ዘርግታ በረጅሙ ተነፈሰች። ሳምንቱን ሙሉ ይቺ ጉልበቴ ስትገድለኝ ከርማለች፣ በኳስ ጨዋታ ነው የተጎዳሁት፣ ተቀመጪ ያለኝ ሰው የለም አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም የሚጠየቀውን ጥያቄ ተውነው። ልጅቷ ነዳጅ ማጣሪያ ያለባት የቶራንስ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ ከነዳጅ ማጣሪያው ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ በነዳጅ ሽታው ያውቁት እንደነበር አወራችኝ። እኔም ፌርፋክስ ከመግባታችን በፊት ዌስትቼስተር አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ እንደኖርን፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቤተሰቡ በሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ላይ አቁሞ እንደሚጠብቅ፣ ዛሬም አባቴ ፌርፋክስ ሆኖ ያለ አውሮፕላን ንግግሩን እንደሚያቆም ነገርኳት። ቆሞ የሚጠብቀውን ፊቱን አስመስዬ አሳየኋት። ሳቋ ሳሎኑን ሞላው።

ደንቡ በየጥቂት ደቂቃው ሌላ አባል መጥታ ተራ መቀየር ነውና፣ አንዷ መጣችና መሬት ላይ ስታገኘን ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች። በኋላ እሷም ተቀመጠች። የመጀመሪያዋ ግን አልሄደችም። ጎኔ ያለው ወንበር ላይ የነበረችው እንግዳ፣ ድፎ ዳቦዬን ሰልፍ ላይ የበላች ልጅ፣ አየችንና ወረደች። ደወል ሲደወል የዚያ ጥግ ወንበሮች ባዶ ነበሩ፤ ሰው በሙሉ መሬት ላይ እግሩን ዘርግቶ ያወራል። ከሎሚዋ ዛፍ ሥር ስወጣ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። ደረጃም አላማረኝም። እነዚህን ልጆች ነው የፈለግኩት።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሁላችንም ሣሩ ላይ ተሰብስበን በየስማችን የታሸገ ፖስታ ይሰጠናል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ሲቆጠር እንከፍታለን፣ ከዚያ የመረጠን ቤት ድረስ መንገዱን ይዘን እየጮኽን እንሮጣለን። ወጉ ይህ ነው። እናቴና እትዬ በአባቴ መኪና እየመጡ ነው። ፖስታውን ከፍቼ ከሮጥኩ ደግሞ እሺ ማለቴ ነው፤ ማልኩ አይደል? አባቴ ጋ ደወልኩ። ስንት ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ የኖረ ሰው ፓርኪንግ አጥቶ ይዞራል። ተቆጠረ፣ ፖስታው ሁሉ ተቀደደ፣ ጩኸቱ ሰማይ ነካ፣ ሁሉም ሮጠ። እኔ ፖስታዬ ላይ ተቀምጬ ሣሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። በዚያ ሳምንት እንደዚያ ልቤ ወርዶ አያውቅም። የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ታየኝ።

ባለ ጠቃጠቆዋ እያነከሰች ስትመጣ አየኋት። ፖስታውን ሳልከፍት መልሱን አወቅኩት። ምነው አልከፈትሽም አለችኝ። እናቴ አልመጣችም አልኳት፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር።

"እንግዲያው እናትሽን እንጠብቃለን" አለችኝ። ጥላው ይሻላል ብላ ወደ ሎሚዋ ዛፍ ወሰደችኝ።

የት እንዳለሁ ለአባቴ በስልክ ነገርኩት፤ እነ እናቴን መኪናው ሳይቆም የቤቱ በር ላይ አራግፎ ዙሩን ቀጠለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዛሬም በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፋለች፤ ልትመረምር እንኳ ስትሄድ ባዶ እጇን አትሄድም። እትዬ ከኋላዋ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ደጃፍ ያያሉ። ወንበር ቀረበላቸው። ባለ ጠቃጠቆዋም እናቴ መሆኗን እንዳወቀች ዝቅ አለችና በዚያ በታሰረ ጉልበቷ ሣሩ ላይ ተንበርክካ፣ እንኳን ደኅና መጡ፣ ልጅዎን ወደናታል አለቻት። እኔ ተነሺ ልላት ደርሼ አፌን ያዝኩ። እናቴ እጇን ልጅቷ ራስ ላይ አኖረችና በአማርኛ "እደጊ ልጄ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ" ብላ መረቀቻት። እትዬ አሜን አሉ። ልጅቷም እትዬን አይታ አሜን አለች።

ማታለል እንዳይሆንብኝ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርጉት አልኳት።

"የነገርሽኝን አልረሳሁትም" አለችኝ። "ግን ሳምንቱ አልቋል፣ ያዘዛት የለም። ጉልበቷም እያመማት ነው።" ከዚያ ከወንበሯ ተነስታ ልጅቷን በሁለት እጇ ደግፋ አቆመቻትና በራሷ ቦታ አስቀመጠቻት። "ኦኬ፣ ግቢ" አለችኝ።

ፖስታውን ቀደድኩት። ጮኽኩ። ልጆቹ ከቤት ግልብጥ ብለው ወጡ። ግን ሁሉም የሮጠበትን መንገድ እኔ ቀስ ብዬ በእግሬ መጥቼ ጨርሼዋለሁ፤ ከበሩ ያለሁት ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። ይህማ አይሆንም አሉ። እስከ መንገዱ ጫፍ መለሱኝና ራሳቸው ከዛፉ ሥር ተሰልፈው ጠበቁኝ። እናቴ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። እትዬ እልልታቸውን ሲያቀልጡት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲጮኹ የከረሙት ልጆች ጸጥ ብለው ሰሙ፣ ከዚያ ሊያስመስሉ ሞከሩ።

ባዶውን መንገድ እየጮኽኩ ግማሽ ስደርስ አባቴ ከመስቀለኛው መንገድ ብቅ አለ። ፓርኪንግ አግኝቶ በእግሩ እየመጣ ነበር። ልጁ በባዶ እግሯ እየጮኸች ስትሮጥ ነው ያየው። ሰደርያው እየተውለበለበ ሩጫውን ለቀቀውና ደረሰብኝ።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ እያለከለከ።

"ገባሁ፣ አባዬ!"

"የገባ ሰው ታዲያ ምን ያስሮጠዋል?"

እየሳቅኩ እጁን ያዝኩት። አልቆመም። እስከ ሎሚዋ ዛፍ ድረስ አብሮኝ ሮጠ።